የአሥራ አንድ ጠርሙስ ሠንጠረዥ

ኅዳር 3

ለወንድሜ ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ፣ ያቺ ምላሰኛ ልጅህስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከመንጋጋዬ በቀር ደህና ነኝ። ብርድ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነው። ዕድሜ ይስጥህ፤ ክፉ አይንካህ፤ የነካህም እጁ ይሰበር።

ስልክ ላይ አጭር መልስ የምሰጥህ ጠልቼህ አይደለም። ስልክ ጆሮ አለው። ደብዳቤን ግን ሌላ ሰው ቢከፍተው ቢያንስ መቀደዱ ይታያል።

አዲስ ነገር ልንገርህ። በስድሳ አንድ ዓመቴ እንደገና መምህር ሆኛለሁ። ተማሪዎቼ «ስንት ሙያ ነው ያለዎት?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሙያ ብለው ያከበሩት መባረርን ነው። አፈርና ውሃ ሳስተምር ወንዛችን ሞቷል ብዬ ጻፍኩ፤ ከዩኒቨርሲቲ አባረሩኝ። የትም ሥራ ሳጣ፣ ወንዙን የገደለው ቆዳ ፋብሪካ ራሱ ማንነቴን ሳያጣራ ቆዳ ፋቂ አድርጎ ቀጠረኝ። ሦስት ዓመት ፋቅኩ። የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆንኩ፤ አድማ መራሁ፤ መንጋጋዬን ሰበሩኝ፤ አገር ለቅቄ ወጣሁ። ታሪኬ ይኸው ነው። አሁን የዚያን ፋብሪካ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው፤ ከመጽሐፉ በፊት ግን አንድ ጥናት በመጽሔት ማውጣት አለብኝ፤ አለበለዚያ የቂመኛ ሴት ወሬ ነው ይሉኛል።

ለጥናቱ ውሃ ያስፈልገኛል። አንተ አሁን ቆዳ የሚዘፈዘፍበት የኖራ ገንዳው ክፍል ነህ፤ የፍሳሹ ቦይ ከጀርባህ ነው። የምልህን አድርግ። ንጹሕ ጠርሙስ ያዝ። በራሱ በቦዩ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው። እስከ አፉ ሙላው፤ አየር አይግባበት። ከዚያ ላዩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፍ። ይህን እንዳትረሳ። ቀንና ሰዓት የሌለው ጠርሙስ ወሬ ነው፤ ቀንና ሰዓት ያለው ግን ምስክር ነው። እዚያው አገር ቤት ሌላ ከተማ ያለች የቀድሞ ተማሪዬ ላቦራቶሪ አላት፤ ጠርሙሶቹን ወደ እሷ ላክ። አድራሻዋን ከጀርባ ጽፌልሃለሁ።

እምቢ ብትልም አልቀየምህም። ዋሸሁ፤ እቀየምሃለሁ።

አክስትህ

ኅዳር 28

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? መንጋጋዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምር ስል ሚስቴ በትከሻዬ በኩል አንብባ «ለአክስትህም ትዋሻለህ?» አለችኝ።

የልጄ እግር ቆስሏል። ከጉልበቷ በታች እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ቆዳዋ እየተላጠ ነው። ሰፈራችን ከቦዩ በታች መሆኑን ያውቃሉ። ልጆቹ ውሃው ውስጥ ይራገጣሉ፤ ማን ይከለክላቸዋል? ሐኪሙ ቅባት ሰጠንና «ውሃ አታስነኳት» አለ። በምን እንጠባት ታዲያ፣ በምራቅ?

ፋብሪካው እርስዎ እንደተዉት ነው፤ የተቀየረው ሰው ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የመፋቂያ ማሽኑ የአንድ ሠራተኛ ክንድ እስከ ክርኑ ዋጠ። ፎርማኑ ሮጦ መጣና መጀመሪያ ያለው «ቆዳውን አውጡት፣ በደም ይበላሻል!» ነው። ሰውየው እየጮኸ እኛ ቆዳውን አወጣን። አወጣን እኮ አክስቴ! እጃችን ታዘዘ። ቤቴ ገብቼ እጄን ሳየው ቆርጠህ ጣለው ጣለው አለኝ።

ከእኔ ጋር በአንድ ፈረቃ የሚሠራው ሰው ዳኛው ይባላል። ስሙ አይደለም፤ በሰው ጠብ ሁሉ ገብቶ ፍርድ ስለሚሰጥ ነው። ጠበኞቹ ባይቀበሉትም ፍርዱን ያነባል። እኔ ወደ ቦዩ ስወርድ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅልኛል። ነግሬዋለሁ፤ አይቆጡ፤ ያለ እሱ አይሆንልኝም። ሚስቱም እዚያው ቆዳ ፋቂ ናት፤ ጠረጴዛዋ እርስዎ ይሠሩበት የነበረው ነው። እሷ ግን ስለ ጠርሙሱ የምታውቀው ነገር የለም።

መንጋጋዎን የሰበረው ጥበቃ ዛሬ የጥበቃዎች አለቃ ሆኗል። ወፍሯል። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፤ ሲመታ ግን አይደክመውም።

እሺ፣ ውሃውን እሞላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ስሜ የትም እንዳይወጣ። በልጄ እለምንዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 20

ለጎበዙ የወንድሜ ልጅ፤

ሰላምህ ይብዛ። ቤትህ ሙሉ ይሁን። ለልጅህ ቅባት ልኬያለሁ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተፈላ ውሃ ታጥባ። ብትጮህም ቅቧት፤ መጮህ ከእኔ የወረሰችው ነው።

አራት ጠርሙስ ላቦራቶሪው ደርሷል፤ ተማሪዬ ፎቶውን ልካልኛለች። ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ግን ተነበበ። አንደኛው ላይ ሰዓት የለበትም። እንዲጣል አድርጌያለሁ። አዎ፣ ነፍስህን ሸጠህ የሞላኸውን ጠርሙስ አስጣልኩ። እንዲህ ያለውን አንድ ጠርሙስ ይዘው ሌላውን ሁሉ ውሸት ነው ይሉብናልና። አብረህ በላክኸው ወረቀት ላይ «ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲለዋወጥ፣ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ሲጋፋ ያኔ ይለቁታል» ያልከው ወርቅ ነው። እንግዲህ ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ ሙላ፤ ከኖራ ገንዳው ጀርባ፣ ከዚያው ቦታ። አትቀያይር።

ስለ ስምህ አትጨነቅ። ስምህ ከብዕሬ ከወጣ የቀረችኝ ግማሽ መንጋጋም ትርገፍ።

አለቃ ሆነ አልከኝ? ስለዚያ ቀን ለአባትህ እንኳ በደንብ አልነገርኩትም። አድማው አምስተኛ ቀኑ ነበር። ሦስት ጊዜ መታኝ። መጀመሪያ በቡጢ ሆዴን። ጎንበስ ስል በጉልበቱ አፍንጫዬን። ቀና ስል ደግሞ ቆዳ በሚጎትቱበት መንጠቆ ጀርባ መንጋጋዬን። ጥርሴን መሬት ላይ አየሁት፤ የራሴ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ሠራተኛው መብት እንዳይመስልህ። መንጠቆውን ነጥቄ ዓይኑ ውስጥ ልከተው ነው ያሰብኩት። አልደረስኩበትም። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሐሳቤ እመታዋለሁ፤ አንድም ቀን አልጠገብኩም። ለተማሪዎቼ ግን በለሰለሰ ድምፅ ስለ ክሮም፣ ስለ ቆዳ ማልፊያው መርዝ፣ አስተምራለሁ።

አሥር ጠርሙስ ይበቃኛል። አሥራ አንድ ብታደርገው እመርቅሃለሁ።

አክስትህ

ጥር 19

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ቅባቱ ደርሷል፤ ልጄም ምርቃትዎን በጩኸት መልሳለች። ቁስሉ ትንሽ ደርቋል።

አሥራ አንዱም ሞልቷል፤ ቀኑም ሰዓቱም ቦታውም አለበት። የመጨረሻውን ጠርሙስ የላክሁት ዳግመኛ ላልሞላ ምዬ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ስለ ክንደ ቆራጣው ሰውዬ ካሳ ሊነጋገር መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ገና አንድ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ጥበቃዎቹ በሁለቱም በር ገቡ። የጎማ ቱቦ ይዘዋል፤ አለቃው መንጠቆ። አንዷን ሴት ጆሮዋ ላይ መታት፤ የጆሮዋ ጌጥ ከነሥጋው ሄደ። ሰው በሳህን፣ በወንበር፣ በጥርሱ ተከላከለ። እኔም አንዱን ጥበቃ በጠርሙስ ግንባሩን ብዬዋለሁ፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽዎትም፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሲያልቅ ፎርማኑ የውሃ ጎማ ሰጠኝና ወለሉን እጠብ አለኝ። አጠብኩ። ዳኛው መጥረጊያ ይዞ እየተከተለኝ «ፍርድ ቤቱ ከሳሽንም ተከሳሽንም መጥረጊያ አስይዟል» አለኝ። ሳቅኩ። እየሳቅኩ የቀረውን ደም አጠብኩ።

እንግዲህ በቃኝ፤ አሥራ አንደኛው የመጨረሻዬ ነው። ከዚህ በኋላ ውሃ አይጠይቁኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ሚያዝያ 6

የወንድሜ ልጅ፣ የእኔ አንበሳ፤

እልል በል! ወጥቷል። መጽሔቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ጽፌያለሁ፤ እንደዚህ ያለ ነገር ግን ጽፌ አላውቅም። ሁለት ገምጋሚዎች አገላብጠው አንዲት ቀዳዳ አላገኙበትም። ከፋብሪካው ቆዳ የሚገዙት ኩባንያዎች ጥያቄ እየላኩ ነው። አሳታሚውም መጽሐፉን ቶሎ አምጪ ብሎኛል።

ስምህን ፈልግ እስቲ። የለም! የስምህ አንድ ፊደል እንኳ የለም። ቃሌን ጠብቄያለሁ።

በስምንት ሰዓት የተሞላው ውሃ ውስጥ ያለው መርዝ ከተፈቀደው ሠላሳ ስምንት እጥፍ ነው። የልጅህን እግር የላጠው ይህ ነው። አሁን ማስተባበል አይችሉም። ቶሎ ጻፍልኝ፤ እዚያ ምን እንደተባለ ልስማ። አለቃው ፊቱ ምን መሰለ?

አክስትህ

ሰኔ 11

ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ለቤትህ። ሁለት ወር ከአምስት ቀን ሆነ። ፖስታው ጠፋ ብዬ ሁለተኛ ቅጂ ላኩ። ተቀየምክ እንዳልል የሚያስቀይም ነገር አላደረግኩም። ሚስትህ ጋ ደወልኩ፤ «ይጽፍልዎታል» ብላ ዘጋችብኝ። እሷ ስልክ ዘግታብኝ አታውቅም።

የታመመ ሰው ካለ ንገረኝ። ተቆጥተህም ከሆነ ተቆጥተህ ጻፍ። ዝምታህ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

አክስትህ

ሐምሌ 2

ሰላምታ የለኝም።

እስከዛሬ አንቱ ስልሽ ኖርኩ፤ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ። የዘገየሁት ሁለት ጣቴ ተሰብሮ ስለነበረ ነው።

ጽሑፍሽ ከእኔ በፊት ሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ደርሷል፤ ገዢዎቹ ልከውላቸው። ስሜ የለበትም፤ እውነትሽን ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ግን ሠንጠረዥ አለ። አሥራ አንድ መስመር። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። «ከኖራ ገንዳው ጀርባ» ይላል፣ አሥራ አንድ ጊዜ። አስተዳዳሪው የፈረቃ መዝገቡን አወጣና ከሠንጠረዥሽ ጎን ዘረጋው። በእነዚያ ቀኖች በስምንት ሰዓት ኖራ ገንዳው ጋ የፈረመውን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት። በአሥራ አንዱም ቀን ሁለት ፊርማ ነው ያለው፤ የእኔና የዳኛው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሞኟም ወረቀቱም ተገናኙ።

የጨው መጋዘኑን ታውቂዋለሽ። እዚያ አስገቡን። አለቃው ነበር፣ ሌሎች ሦስትም። በቁስል ላይ ጨው የሚባለው እዚያ ተረት አይደለም። መጀመሪያ ሁለታችንንም መቱን። ከዚያ ዳኛውን ብቻ። ጭንቅላቱን አልነኩትም፤ እንዲታይ አልፈለጉም። በመንጠቆው ጀርባ ኩላሊቱን፣ ጎኑን፣ እንደገና ኩላሊቱን። ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። አለቃው ብቻ አልተቀየረም። ዳኛው ሦስት ቀን ደም ሸንቶ ቤቱ ሞተ። «ገንዳ ውስጥ ወደቀ» ብለው ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። እኔን ለቀቁኝ። ሥራዬ ላይ ነኝ።

የገደልሽው አንቺ ነሽ። መንጠቆውን አለቃው ያዘው እንጂ ያቀበልሽው አንቺ ነሽ። ደግሞ እልል በል ትይኛለሽ!

ሐምሌ 22

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታህን ስለነሣኸኝ አልከፋኝም፤ አይገባኝም። እኔ ግን እልሃለሁ፤ ፈጣሪ ጣቶችህን ይጠግንልህ፣ ያንን ሰው ነፍሱን ይማር።

መልስ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። በመጀመሪያው ገምጋሚዎቹ ቀንና ሰዓት ያስፈልጋል ብለው ነው አልኩ። ውሸት ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ ራሴ ነኝ ያስገባሁት። በሁለተኛው አላሰብኩትም አልኩ። ይህኛው እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን የባሰ ያደርገዋል። ያንን የፈረቃ መዝገብ እኮ ሦስት ዓመት ጠዋት ማታ ፈርሜበታለሁ! አስተዳዳሪው በቀይ እስክሪብቶ ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስምህን ስደብቅ በራሴ ብልጠት ኮራሁ፤ አንተን ግን ከነሰዓትህ፣ ከነቆምክበት ቦታ አሳልፌ ሰጠሁህ። ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩት ጥንቃቄ ሰው ገደለ። ትናንት ክፍል ውስጥ አንዷ ልጅ ሰዓት ያልጻፈችበት ጠርሙስ አመጣች፤ ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ወጥቼ ሄድኩ።

መጽሐፉ ውስጥ ሠንጠረዡ አይገባም። በእሱ ፈንታ ስለ ዳኛው አንድ ምዕራፍ እጽፋለሁ። ሙሉ ስሙን፣ ሥራውን፣ አሟሟቱን። ይህ ዕዳዬ ነው። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ጻፍልኝ። ሲጠይቁት ምን አለ?

ደግሞ አንድ ነገር። ደብዳቤህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ሰው አስገብተው አንዱን ለምን እንደለቀቁት አልጻፍክም። ሥራዬ ላይ ነኝ ብለህ አለፍከው። እኔ ያንን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ በነጻ አይለቅም።

አክስትህ

ነሐሴ 16

አክስቴ፤

ጠየቅሽኝ፤ እንግዲህ ስሚ።

ከሰኞ ጀምሮ ፋብሪካው ቆሟል። ያስቆመችው የዳኛው ሚስት ናት። የመፋቂያ ቢላዋዋን ጠረጴዛው ላይ ሰክታ «ባሌ ለልጆቻችሁ እግር ብሎ ሞተ፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ቆዳ ትፍቃላችሁ?» አለች። አራት መቶ ሰው ተከትሏት ወጣ። ባሏ በገዛ ፈቃዱ ጠርሙስ ሲሞላ የኖረ፣ ሲይዙትም ጓደኛውን ላለማስነካት «እኔ ነኝ» ብሎ የሞተ ጀግና ነው ብላ ታምናለች። እንዲያ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።

«እኔ ነኝ» አላለም። የሆነው ይኸው ነው። ጨው ክምር ላይ አንበረከኩን። መጀመሪያ ጣቴን በቦት ጫማ ረገጡት፤ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። ከዚያ አለቃው ጎንበስ ብሎ «ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ነው?» አለ። እኔና ዳኛው ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ነበረን። ኖራ ቢደፋ፣ መጥረጊያ ቢጠፋ፣ ፎርማኑ «ማነው?» ሲል ሁለታችንም እኩል እንጠቋቆምና «እሱ ነው!» እንላለን። ፎርማኑም ሳይወድ ስቆ ይሄዳል። እኔ እጄን አነሳሁና «እሱ ነው» አልኩ።

ዳኛው ዞሮ አየኝ። ጎኑን ይዞ ሳቀ። ጨዋታው መስሎታል። የእሱን ጣት ወደ እኔ ማንሣት ሲጀምር እኔ እንደማልስቅ አየ። ያኔ ገባው። ጣቱን መልሶ አጠፈው። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ሲመቱት ስሜን አልጠራም፤ አንድ ቃል ቢናገር ይተርፍ ነበር። አለቃው ወደ ውጭ ሲያወጣኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ ሰው ትሆናለህ» አለኝ። ከምቶቹ ሁሉ ዛሬም የሚያመኝ እሱ ነው።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚባለው፣ የእኔን ወደ አንቺ ለከክኩት። ሚስቱ በየሳምንቱ ትመጣና «የመጨረሻ ቃሉን ድገምልኝ» ትለኛለች። እደግምላታለሁ። በደገምኩት ቁጥር እያማረ ይሄዳል። አንድ ቀን እሷ ፊት ራሴን የማንቅ ይመስለኛል።

አሁን ደራሲ ነሽና ምዕራፍሽን ጻፊ።

መስከረም 4

ለወንድሜ ልጅ፤

ፈጣሪ አይለይህ። የላክኸውን ቆሜ አነበብኩት፤ እስካሁንም አልተቀመጥኩም።

ብዙ ሴት ሆኜ ነው ያነበብኩት። መምህሯ፣ እውነቱ ዛሬውኑ ይውጣ አለች። የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ዝም በል፣ አራት መቶ ሰው የቆመው በዚህች ውሸት ላይ ነው፣ ካወጣሃት ነገ በሩ ይከፈታል አለች። ከሁሉም የከፋችው ደራሲዋ ናት። ጣቱን ያጠፈበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ደግማ አንብባ «እንዴት ያለ ገጽ ይወጣዋል!» አለች። በእሷ አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ምዕራፉን ቀድጄዋለሁ። የሰው ሞት ነው፤ ባለቤት አለው።

የአባትህ እኅት ግን እንዲህ ትልሃለች፤ ሂድና ንገራት። ሠንጠረዡ የእኔ ነው። መንጠቆው የዚያ ውሻ ነው። የጠቆመው ጣት ያንተ ነው። ማንም የማንንም አይሸከምም። የእኔን ድርሻ ለእሷ በአንድ ገጽ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ መጀመሪያ እሱን ስጣት። ያንተን በአፍህ ንገራት፣ ዓይኗን እያየህ። ከመታችህ ተመታ። ቢላዋ ብታነሣብህም እጅህን አታንሣባት።

ክፉ ሰው አይደለህም። ይህን የምልህ ላጽናናህ አይደለም። ክፉ ብትሆን ይህን ደብዳቤ አትጽፍልኝም ነበር። ግን አደረግኸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱን ይዘህ ሂድ።

አክስትህ

መስከረም 25

አክስቴ፤

እንደምን አለሽ? እኔ አለሁ። በጽሕፈቴ እንዳትስቂ፤ ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው።

ነገርኳት። በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ገጽሽን አነበበችና አጥፋ ሳሙናው ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ እኔ ተናገርኩ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ተነሥታ የበሩን መወርወሪያ ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ትከሻዬን ሰበረው። ሁለተኛው ጀርባዬን። ወደቅኩ፤ እሷ ግን አልተወችኝም። የምሰማው ትንፋሿን ብቻ ነው። ያቆመችው አዝናልኝ አይደለም፤ ክንዷ ዝሎ ነው። እኔም እጄን አላነሣሁም።

ጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች። መወርወሪያውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣

«ጣቱን አጠፈ ነው ያልከኝ?» አለች።

«አዎ።»

«አይተሃል? እርግጠኛ ነህ?»

«አይቻለሁ።»

ያኔ አለቀሰች። ስታለቅስ ሰው የምትገድል ነበር የምትመስለው። ዓይኗን በሳሙና እጇ ጠረገችና እንዲህ አለችኝ፤ «ሥራ ማቆሙ አይፈርስም። ነገ ጠዋት በሩን በጉልበት ሊከፍቱ ሰው ቀጥረዋል፤ አለቃው ነው የሚመራቸው። አንተ ትቆማለህ። ከጎኔ አይደለም፤ ከፊቴ። በሩ ከቆየ፣ አንተም ከቆየህ፣ በነጋታው ለአራት መቶው ሰው የነገርከኝን ትነግራለህ። ከሸሸህ ግን ፈልጌ አገኝሃለሁ።» እሺ አልኳት። ለአንቺ የላከችውን ላድርስ፤ «ገጿን አንብቤዋለሁ በላት። የምመልስላት የለኝም» አለች።

ፈርቻለሁ አክስቴ። ጨው መጋዘን ውስጥ የፈራሁትን ያህል ፈርቻለሁ። መንጠቆው ወደ ግንባሬ ሲመጣ ይታየኛል፤ ትከሻዬ ተሰብሯል፣ መከላከልም አልችልም። ግን እቆማለሁ። አንቱ ማለቱን የተውኩት በንዴት ነበር፤ አሁን ንዴቱ ወጥቶልኛል፤ አንቺ ማለቱ ግን ለመደብኝ፤ ስለቀረብሽኝ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ለሚስቴ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ሸሚዜን እየተኮሰች ነው። ልጄ አታውቅም። ነገ ከዚያ በር ካልተመለስኩ፣ አድጋ አባቴ እንዴት ያለ ሰው ነበር ብላ የምትጠይቀው አንቺን ነው። ንገሪያት። ሳታሳምሪ።

የወንድምሽ ልጅ